ማህተም የሌለው ሥራ፦ ጎንደር ላይ ሲቪ ስንጽፍ የምንተወው ነገር

ማራኪ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ውስጥ ወረፋ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ ያለው ልጅ ሲቪ ሊያሠራ ነው የመጣው። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ጎረምሳ ቀና ብሎም አላየውም።

«ምንድን ነው የተማርከው?»

«ሲቪል።»

አንድ ፋይል ከፈተ። የሌላ ሰው ሲቪ ነው። ስሙን አጥፍቶ የልጁን ጻፈበት። ስልኩን ቀየረ፣ የተመረቀበትን ዓመት ቀየረ። ሃይማኖት የሚለው ላይ ሲደርስ «ኦርቶዶክስ ነህ አይደል?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ አለፈ። ሆቢ የሚለውን ጭራሽ አልነካውም። «ሪዲንግ፣ ሊስኒንግ ቱ ሚዩዚክ ኤንድ ዋቺንግ ፊልም» እንዳለ ቀረ። ምናልባት ልጁ ማንበብ አይወድም ይሆናል። ማን ጠየቀው? አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም፤ አምስት ኮፒ ይዞ ወጣ።

ያኔ ስቄ አለፍኩ። በኋላ ግን እንደዚህ ዓይነት ሲቪዎች እኔው ጠረጴዛ ላይ መጡ።

የምሠራበት ቤት ትንሽ ነው። አንድ የንብረት ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ ለጠፍን። ከመቶ በላይ ማመልከቻ ገባ። ሦስት ሆነን ተቀምጠን ማገላበጥ ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። በሁለተኛው ቀን ዓይኔ ራሱ መዝለል ጀመረ። ኦብጀክቲቭ የሚለው ቦታ ላይ «ቻሌንጂንግ ኢንቫይሮንመንት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ» የሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ብዙዎቹ ላይ አለ። ኢንቫይሮንመንት የሚለው ቃል ላይ አንዲት ፊደል ጎድላለች። ሁሉም ላይ የጎደለችው ያቺው ፊደል ናት። ከአንድ ኮምፒውተር እንደወጡ ያኔ ገባኝ። አንደኛው ደግሞ ንብረት ክፍል ልግባ እያለ ዓላማው ግን በነርስነት ሙያ ሕዝቡን ማገልገል ነበር።

ላደርስ የሚባል አንድ የአሜሪካ የሥራ ማገናኛ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የቀጣሪዎችን የዓይን እንቅስቃሴ አጥንቻለሁ ብሎ ነበር። አንድ ሲቪ ላይ መጀመሪያ የሚያሳልፉት ጊዜ በአማካይ 7.4 ሰከንድ ነው አለ። ጥናቱ የራሱ የንግድ ድርጅቱ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አልቀበለውም። ግን እውነቱን ለመናገር በሁለተኛው ቀን የኔም ዓይን ከዚያ ብዙ አልራቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ጎንደር ውስጥ ሲቪ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው።

አንደኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ነው። ማስታወቂያው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ዲግሪ ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ልምድ ከተፈለገ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ለቴክኒክና ሙያ ደግሞ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ)። ዋናውና የማይመለስ ኮፒው። መስኮቷ ላይ ያለችው ሠራተኛ የምታየው መስፈርቱ ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ፈተና ነው። እዚያ ቤት ሲቪ ምንም ያህል ቢያምር ነጥብ አይጨምርም። ማህደር ውስጥ ገብቶ ይተኛል።

ሁለተኛው መራጭ ነው። የሆቴሉ ባለቤት፣ የግል ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ፣ የድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለጎንደር ቅርንጫፍ ሰው የሚፈልገው መሥሪያ ቤት። እነዚህ ሰዎች ፊት መስፈርቱን ያሟላ ስልሳ ሰው ቆሟል። ስልሳውም ዲግሪ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስላለ የተመረቀው ሁሉ 50 ከመቶ አልፎ ነው የመጣው። ስለዚህ መራጩ ጥያቄው ሌላ ነው። ይሄ ሰው ነገ ጠዋት መጥቶ ምን ሊሠራልኝ ይችላል?

ችግራችን ለመስኮቷ የተዘጋጀውን ወረቀት ይዘን መራጩ ጋ መሄዳችን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ብቻ አልወቅስም። ጎረምሳው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። ሲቪ ማለት ፎርም ነው ብሎ ያስተማረን መስኮቱ ነው።

ከመስኮቱ የወረስነው ትልቁ ልማድ ደግሞ ማህተም ነው። ማህተም ያላረፈበት ሥራ ሥራ አይመስለንም። አንዳንድ ማስታወቂያ ከዚያም ይብሳል፤ ከግል ድርጅት የሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ ይላል። በዚህ ሚዛን ስንመዘን አብዛኛው ተመራቂ «ዜሮ ዓመት» ነው ብንል የሚከራከረን አይኖርም። ግን ጎንደር ውስጥ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ወጣት ስንት ነው? አንዱ በሰሊጥ ወቅት መተማ ወርዶ የቀን ሠራተኞችን ስምና ሂሳብ ሲመዘግብ ይከርማል። ሌላው ፋሲል ግቢ በር ላይ እንግዳ ሲቀበል ኖሯል፤ በሁለት ቋንቋ ያስረዳል። ሌላዋ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ናት። ሌላው ማታ ማታ የሰው ልጆች ያስጠናል። ጥምቀት ሲመጣ ሕዝቡን ለማስተናገድ ቀንና ሌሊት የሚቆመውን ወጣት ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሲቪው ላይ ግን አንዱም የለም። ደብዳቤ የለውማ።

በነገራችን ላይ ደብዳቤ የማግኘት መብት ያላችሁ ሰዎች አትተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ግልጽ ነው። አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ መስጠት አለበት። እኔ አንድ ቦታ ተኳርፌ ከወጣሁ በኋላ ለዚህ ወረቀት ወራት ተመላልሻለሁ። «ነገ ና» ስንት ጊዜ እንደተባልኩ አልቆጠርኩትም። ሳትጣሉ፣ ገና ሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁ።

ወደ ዋናው ልመለስ።

የአክስቴ ልጅ ማኔጅመንት ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። «ተቀመጠች» ያልኩት እሷ የምትለውን ይዤ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ጠዋት ከእናቷ ጋር ቅዳሜ ገበያ የቅመማ ቅመም ሱቁን ትከፍታለች፣ ሲመሽ ትዘጋለች። አንድ እሑድ ሲቪዋን አሳየችኝ። ያው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው፤ ሪዲንግም ሚዩዚክም አለ።

«ልምድ የሚለው ላይ ምን ጻፍሽ?»

«ምን አለኝና ጋሼ? ዜሮ ዓመት።»

«ሱቁስ?»

ሳቀች። «የእማዬ ሱቅ እኮ ነው!»

«እሱ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ታዲያ?»

«ምንም። እሸጣለሁ።»

አክስቴ ቡና እያፈላች ነበር። አቦል ላይ የጀመርነው ወሬ በረካ ድረስ ወሰደን። ነገሩን ያወጣችውም አክስቴ ናት እንጂ ልጅቷ አይደለችም። ልጇ ከመምጣቷ በፊት ዱቤውን ሁሉ በጭንቅላቷ ነበር የምትይዘው። ግማሹ ይረሳል፤ ግማሹ ያጨቃጭቃል። ልጅቷ መጀመሪያ ደብተር ገዛች፣ ቀጥሎ ስልኳ ላይ ኤክሴል ከፈተች። አርባ ሦስት የዱቤ ደንበኛ አለ። በወር መጨረሻ ያልከፈለውን ለይታ ትደውላለች። «አሁንማ ማንም አይክደኝም» አለች አክስቴ፣ ስኒ እያጠበች። ሌላም አለ። ቅዳሜ ማታ ማታ ዕቃ ትቆጥራለች። ኮረሪማው ከሚሸጠው በላይ እየተገዛ እንደሚከርም ያወቀችው በዚያ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ በብዛት መግዛቱ ቀርቶ ግዢው በትንሽ በትንሹ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነ። ይሄን ሁሉ «ምንም» ነው ያለችው።

ልምድ የሚለውን ቦታ እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

የሽያጭና ንብረት ሠራተኛ፣ የቤተሰብ የቅመማ ቅመም ሱቅ፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ጎንደር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. እስከ አሁን።
የ43 የዱቤ ደንበኞችን ሂሳብ ከቃል ወደ ጽሑፍ፣ ከዚያም ወደ ኤክሴል አዛውሬያለሁ፤ ያልተከፈለውን በየወሩ ተከታትዬ አስከፍላለሁ።
በየሳምንቱ የዕቃ ቆጠራ አደርጋለሁ፤ በቆጠራው መሠረት የኮረሪማ ግዢ ከወርሃዊ ወደ በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን አድርጌያለሁ።
ከአቅራቢዎች ጋር ዋጋ እነጋገራለሁ፤ ክፍያም እፈጽማለሁ።

አራት መስመር ነው። ውሸት የለበትም። ማዕረጓንም «ሥራ አስኪያጅ» ብለን አላሳደግነውም። ብንለው ኖሮ ኢንተርቪው ላይ በሁለተኛው ጥያቄ ይወድቅ ነበር። ሱቁ የቤተሰብ መሆኑንም አልደበቅንም። ስለ ሥራዋ የሚመሰክር ሰው ሲጠየቅ እናቷን ማቅረብ ስለማይሆን በርበሬ የሚያመጣላቸውን ነጋዴ አስፈቅደን ስሙንና ስልኩን አስገባን። ማስፈቀድ ያልኩት ለወግ አይደለም። ስልክ ሲደወልለት «ማን? አላውቃትም» የሚል መስካሪ ከሌለ ይሻላል።

ልጅቷ ደጋግማ አነበበችው። ፊቷ ላይ ደስታ አላየሁም።

«ጋሼ፣ ይሄ ጉራ አይመስልም?»

ይህቺ ጥያቄ ቀላል አይደለችም። ያደግንበት ባህል ራስን ማመስገን ነውር ነው ይላል። ሌላው ይመስክርልህ እንጂ አንተ ስለ ራስህ አታውራ። ጥሩ ባህል ነው፣ አልጠላውም። ሲቪ ላይ ሲመጣ ግን የሚገርም ነገር ያሠራናል። የሠራነውን እንደብቃለን፤ በምትኩ «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫናን የምቋቋም» እያልን ቅጽል እንደረድራለን። ጉራ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው! ታማኝ ነኝ ብሎ መጻፍ ማንንም አያስቸግርም፤ ሌባውም ይጽፈዋል። አርባ ሦስት የዱቤ ደንበኛ ያዝኩ የሚለው ግን ይጠየቃል፣ ይጣራል።

እሷን ያሳመንኳት በፉከራ ነው። ጎንደሬ ሆኖ ሠርግ ላይ ፉከራ ያልሰማ የለም። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ሲነሳ «እኔ ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል ሰው ነኝ» አይልም። የት ቦታ፣ ምን ገጥሞት፣ እንዴት እንደተወጣው ነው የሚዘረዝረው። ያየው ሰው እዚያው ድግሱ ላይ ተቀምጧል። ቢዋሽ መሳቂያ ይሆናል። አባቶቻችን ነውርን አሳምረው እያወቁ ይህን ለምን ፈቀዱ? የተሠራ ሥራ መናገርና ራስን ማወደስ የተለያዩ ስለሆኑ ይመስለኛል።

ይሄ ሁሉ የኔ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ጥናት ልጥቀስ። አዲስ አበባ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ከፋፈሉ። ለአንደኛው ወገን ሥራ ፍለጋ የሚሄድበትን የትራንስፖርት ወጪ ደጎሙት። ሌላውን ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ኢንተርቪው ላይ እንዴት እንደሚቀርብ አሠለጠኑት፤ ችሎታውንም ፈትነው ለቀጣሪ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ሰጡት። መጀመሪያ አካባቢ ሁለቱም ጠቀሙ። በሁለቱም መንገድ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድል ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲያዩ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቷል። ችሎታውን ማሳየት የተማረው ወገን ገቢው ጨምሮ፣ ሥራው ላይም ቆይቶ ተገኘ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ደግሞ በሥራ ገበያው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ በሚቀሩት ላይ ነው።

ይህን ጥናት የምወደው ለኛ ስለሚቀርብ ነው። እዚህ ሥራ ያጣ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ መሄድ ነው። ባሕር ዳር ልውረድ፣ አዲስ አበባ ልግባ። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመሄድ በፊት ወረቀቱ ምን እንደሚል ማየት ከአውቶቡስ ትኬት ይረክሳል።

አሁን ደግሞ ትንንሽ የሚመስሉ ሰው የሚጥሉ ነገሮች።

ትልቁ የዘመን አቆጣጠር ነው። ባየኋቸው ማመልከቻዎች አንዱ ላይ ልጁ የተወለደበት 1992 ይላል፣ የተመረቀበት 2022። ልደቱ በኛ ነው፣ ምርቃቱ በፈረንጅ። እኔ ጎንደሬ ነኝና ገባኝ፤ በ22 ዓመቱ ነው የተመረቀው። የውጭ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰው ወይም ማሽን ግን 30 ብሎ ነው የሚቆጥረው። በተገላቢጦሹም አለ። «ከ2012 እስከ 2015 ሠርቻለሁ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ስትጽፉ አንባቢው እናንተ ሥራ ከፈታችሁ አሥር ዓመት አልፏችኋል ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አንዱን ምረጡ። የአማርኛ ማመልከቻ ከሆነ ሁሉንም በኢትዮጵያ፣ የእንግሊዝኛ ከሆነ ሁሉንም በአውሮፓውያን። ስትቀይሩ 8 መደመር ብቻ አይበቃም፤ ወሩን እዩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ጥቅምት 2014 በእነሱ 2021 ነው፤ ሐምሌ 2014 ደግሞ 2022።

ሁለተኛው ስም ነው። ጸሐይ የምትባል ሴት በእንግሊዝኛ ፊደል ስሟ ዲግሪዋ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳ መታወቂያዋ ላይ ሌላ፣ ሲቪዋ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሦስት ሰው ናት። ሲቪውን ቢያንስ ከዲግሪው ጋር አንድ አድርጉት።

ፊደሉም ራሱ ጣጣ አለው። አንዳንድ ኮምፒውተር ቤቶች አማርኛውን አሁንም በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ይጽፉታል። እዚያው ስታትሙት ያምራል። በኢሜይል ስትልኩት ግን ያ ፎንት የሌለው ሰው ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ የፈረንጅ ምልክት ክምር ይሆናል። በኒያላ ወይም በሌላ ዩኒኮድ ፎንት አስጽፉና ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ። የወረቀቱን ፎቶ በስልክ አንስታችሁ በቴሌግራም አትላኩ። አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻውን መጀመሪያ በሶፍትዌር ነው የሚያጣሩት፤ ለብዙው ሶፍትዌር ደግሞ ፎቶ ባዶ ወረቀት ማለት ነው። ሠንጠረዥና ሁለት ረድፍ ያለው ያሸበረቀ ቅርጽም ያደናግረዋል። ቀለል ያለ፣ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ይበቃል። ለጀማሪ አንድ ገጽ፣ ብዙ ለሠራ ሁለት።

ኢሜይልን በተመለከተ አንዱን አስለቅሶ ያየሁት ነገር አለ። እኛው ጋ ካመለከቱት ውስጥ ደህና የነበረ ልጅ ነው። ስልኩ አልሠራ ሲል ለፈተና በኢሜይል ጠራነው። አልመጣም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤት ሊጠይቅ በአካል መጣ። ኢሜይሉን የከፈተለት ኮምፒውተር ቤቱ ነው፤ ፓስወርዱን አያውቀውም፤ ከፍቶት አያውቅም። ቦታው ተይዟል። ምን ይባላል? ኢሜይሉን በራሳችሁ ስልክ ላይ ራሳችሁ ክፈቱ። ከራሳችሁ ስልክ ሌላ የአንድ ቤተሰብ ቁጥር ጨምሩ። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ የምታስታውሱ ደግሞ ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ቀን እንደማይቆይ ታውቃላችሁ።

ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ወረዳ፣ ቁመት። እነዚህ ምን ይሠራሉ? ማስታወቂያው ካልጠየቀ አውጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ቦስተንና ቺካጎ ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎች ለቀጣሪዎች ተላኩ። ይዘታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ስማቸው ብቻ የነጭ ወይም የጥቁር እንዲመስል ተደረገ። የነጭ ስም ያላቸው 50 ከመቶ የበለጠ ጥሪ አገኙ። እኛ አገር ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ እሱን መደበቅ አይቻልም። የቀረውን ግን በራሳችን እጅ አሰልፈን ማቅረብ ምን የሚሉት ነው?

ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፎቶ ኮፒ ቤት ተከፍቷል። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። አምና የተመረቀ ልጅ «ዳይናሚክ ፕሮፌሽናል ዊዝ ፕሩቭን ትራክ ሪከርድ» ሆኖ ይመጣል። ምን ሠርተህ ነው ሪከርዱ? ሲባል ዝም። ሰዋስው ለማረም ተጠቀሙበት፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን አርባ ሦስቱን የዱቤ ደንበኛ እሱ አያውቃቸውም። ካልነገራችሁት ከሌላ ሰው ሲቪ የለመደውን ይሞላላችኋል፤ ልክ እንደ ማራኪው ጎረምሳ።

አውቃለሁ፣ እስካሁን ድረስ አንባቢው አንድ ነገር ሊጠይቀኝ አፉ ላይ ደርሷል። ያለ ዘመድ ሥራ አለ እንዴ? የለም ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ አለ ብዬም አልፎክርም። ሥራው ራሱ ቀንሷል። ከ2013 ወዲህ እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሎቻችን ምን እንደሆኑ ፒያሳ ወጥቶ ማየት ነው። ሲቪ ሥራ አይፈጥርም። ዘመድ የሚቀጥርበት ቦታም አለ። ግን ዘመድ ያላቸውን ሰዎች አስተውሉ። ዘመድየው መጀመሪያ የሚለው ምንድን ነው? «እስቲ ሲቪህን በቴሌግራም ላክልኝ።» እሱም ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው ነው። ያ ሌላ ሰው አያውቃችሁም። ፊቱ ያለው ያቺ አንድ ገጽ ናት። ደካማ ከሆነች ዘመዳችሁንም ታሳፍሩታላችሁ።

እኛ ያን ጊዜ የመረጥነውን ልንገራችሁ። የንብረት ሠራተኛ ሆኖ አያውቅም። ሲቪው ላይ ግን አንድ መስመር ነበር፤ የሰፈራቸው እድር ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ኃላፊ እንደሆነ፣ ከተረከበ ጀምሮ በየሐዘኑ ቤት የወጣውንና የተመለሰውን ዕቃ በፊርማ እንደሚያስረክብ። ኢንተርቪው ላይ «ስንት ወንበር ጠፋብህ?» አልኩት። «ሁለት። አንዱን ከፍያለሁ፣ አንዱን አግኝቼዋለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቅነውም።

የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ልጨርስ። ሰኞ ዕለት አዲሱን ሲቪ በፍላሽ ይዛ ልታሳትም ሄደች፤ እኔም ለሌላ ጉዳይ ስለምወጣ አብሬያት ነበርኩ። የሄድነው እዚያው ማራኪ ነው፣ ርካሹ እሱ ነውና። ጎረምሳው ፋይሉን ከፈተ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ገጹ አለቀበት። እንደገና ወደ ላይ ወጣ።

«አንድ ገጽ ብቻ ነው?» አላት።

«አዎ።»

«ሆቢው የለም እኮ። ላስገባልሽ?»